ባለ 6 ቮልት የመኪና ሰዓት በ12 ቮልት መኪና ላይ፦ ሬዚስተር፣ ኮንቨርተር፣ ጥቅለላ ወይስ ኳርትዝ?

አባቴ ቮልስዋገን ካርማን ጊያዋን ወደ 12 ቮልት ያስቀየራት ለመብራቷ ሲል ነው። ማታ ማታ የፊት መብራቷ ከሻማ ብዙም አይሻልም ነበር። ጋራዡ ሥራውን ጨርሶ ሲያስረክበን አምፖሎቹ፣ ዲናሞው፣ የዝናብ መጥረጊያው ሞተር ሁሉም ተቀይሯል። ሰዓቱን ግን ማንም አላስታወሰውም። በድሮው ሽቦ እንደታሰረ ቀረ።

ሦስት ሳምንት ሠራ። እንዲያውም ከወትሮው ጮክ ብሎ "ጧ" ይል ነበር። አንድ ቀን ጠዋት በሩን ስንከፍት የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ተቀበለን። አባቴ ሰዓቱን የሚሞላው በሀበሻ አቆጣጠር ነው። ከሌሊቱ 10 ከ20 ላይ ቆሟል። ፈትቼ ሳየው ኮይሉ፣ ማለትም የሽቦ ጥቅሉ፣ ጠቁሯል። ሽቦውን በጥፍሬ ስነካው ሽፋኑ እንደ ከሰል ተፈረፈረ።

ከዚያ ወዲህ ይሄን ነገር በደንብ ያዝኩት። የራሳችንን ሰዓት አስጠገንኩ፣ መለዋወጫ ብዬ ሌላ ገዛሁ፣ የጓደኞቼንም ሠራሁ። መንገዶቹን አንድ በአንድ ሞክሬያቸዋለሁ። የትኛው ለማን እንደሚሆን የምጽፈው ሌላ ሰው በዚያ ሽታ ቀኑን እንዳይጀምር ነው።

የማን መኪና ነው ይሄ ችግር ያለበት?

ቮልስዋገን አብዛኞቹን መኪኖቹን ወደ 12 ቮልት ያሸጋገረው እ.ኤ.አ. በ1967 ሞዴል ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ካርማን ጊያ 6 ቮልት ነው። ፖርሽ 356 እስከ መጨረሻው በአብዛኛው 6 ቮልት ነበር። ሼቭሮሌ በ1955፣ ፎርድ በ1956 ሞዴል ነው የቀየሩት። ከነዚህ ዓመታት በፊት የተሠራ መኪና ይዞ ወደ 12 ቮልት ያስቀየረ ሰው ሁሉ ዳሽቦርዱ ላይ ሰዓት ካለ ይሄ ጥያቄ ይመጣበታል።

መቀየሩን አልቃወምም። 35 ዋት አምፖል በ6 ቮልት ወደ 5.8 አምፔር ይስባል፤ በ12 ቮልት ግማሹን ነው። ስልሳ ዓመት ያገለገለ ሽቦ ላይ ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው። ባትሪም በቀላሉ ይገኛል። ችግሩ ሰዓቱ እንደ አምፖል ተነቅሎ በሌላ የሚተካ ዕቃ አለመሆኑ ነው።

ሰዓቱ ውስጥ ምን አለ?

ብዙ ሰው የመኪና ኤሌክትሪክ ሰዓት ሲባል ሞተር ያለው ይመስለዋል። የዚያን ዘመን ሰዓት ግን ውስጡ ያው የእጅ ሰዓት ዓይነት ማሽን ነው። ሞላ አለው፣ ጥርስ አለው፣ ወዲያ ወዲህ የሚል ሚዛን አለው። ኤሌክትሪኩ የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ሞላውን መሙላት።

ሞላው ሲላላ ሁለት ኮንታክቶች ይነካካሉ። ኮይሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያልፋል። ኮይሉ አንዲት ብረት በኃይል ይስብና ሞላውን ይወጥረዋል። በዚያው ቅጽበት ኮንታክቶቹ ይለያያሉ። "ጧ" የሚለው ድምፅ ይሄ ነው። ከዚያ ሰዓቱ አንድ ሁለት ደቂቃ ያህል ያለ ምንም ኤሌክትሪክ ይሄዳል። ሞላው ሲላላ እንደገና "ጧ"።

ሁለት ነገር ከዚህ ይከተላል። ምርጫው ሁሉ በነዚህ ላይ ስለቆመ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

አንደኛ፣ ሰዓቱ ወይ ምንም አይስብም፣ ወይ በአንዴ ብዙ ይስባል። መሃል ላይ የሚባል ነገር የለውም። የኛ ኮይል 3 ኦም ነው። በ6 ቮልት 2 አምፔር ይጎትታል ማለት ነው፤ ግን ለዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ። ይሄን ያልተረዳ ሰው "ሰዓት ምን ይበላል" ብሎ ትንሽ ዕቃ ይገጥምለታል።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱን የሚገድለው የበዛ ቮልት ብቻ አይደለም። ያነሰ ቮልትም ይገድለዋል። ባትሪው ከደከመ ኮይሉ ብረቷን ለመሳብ አቅም ያጣል። ኮንታክቶቹ እንደተነካኩ ይቀራሉ። ለቅጽበት ብቻ ማለፍ የነበረበት ኤሌክትሪክ ሳይቋረጥ ይፈስሳል። በ6 ቮልት 12 ዋት ሙቀት ነው፤ ጣት የማታክል ኮይል ይሄን ለረጅም ጊዜ አትችልም። በቀጥታ 12 ቮልት ላይ ከታሰረ ደግሞ 48 ዋት ይሆናል፤ አራት እጥፍ። የኛን ያቃጠለው እሱ ነው። በየምቱ ከመጠን በላይ እየተመታ ኮንታክቱ ተበላና በመጨረሻ ተጣበቀ።

ስለዚህ "ያለ ምንም ነገር 12 ላይ እሰረው፣ ይሠራል" የሚላችሁን አትስሙ። ይሠራል። ሦስት ሳምንት።

ከመምረጣችሁ በፊት ለኩ

ሰዓቱን አውጡት። ሲነቀልና ሲቆም ሞላው ስለሚላላ ኮንታክቶቹ ተገናኝተው ይቀመጣሉ። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉና በኤሌክትሪክ መግቢያውና በሰዓቱ ብረት አካል መካከል ለኩ። መጀመሪያ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ አነካኩ። 0.3 ኦም ካሳየ ያንን ከውጤቱ ቀንሱ። በእንዲህ ያለ ትንሽ ቁጥር ላይ ልዩነት ያመጣል።

ቁጥር ካገኛችሁ ኮይሉ በሕይወት አለ። ምንም ካላሳየ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ወይ ኮንታክቱ ቆሽሿል፣ ወይ የሙቀት ፊውዙ ተለቅቋል። ብዙዎቹ የጀርመን ሰዓቶች፣ ቪዲኦም (VDO) ኪንዝሌም (Kienzle)፣ ከውስጥ በቀላሉ በሚቀልጥ ብየዳ የተያያዘች ትንሽ ላሜራ አላቸው። ኮይሉ ሲግል ብየዳው ይቀልጥና ላሜራዋ ትፈናጠራለች። ኮይሉም ይተርፋል። እሷን መልሶ ለመበየድ ተራውን የኤሌክትሮኒክስ ሊድ አትጠቀሙ። እሱ የሚቀልጠው በ183 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እዚያ እስኪደርስ ኮይሉ አልቋል። ቢስሙት ያለበት፣ በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጥ ብየዳ ፈልጉ። ከዚህ በፊት ሰው የነካው ሰዓት ከሆነ ደግሞ በተራ ሊድ ተበይዶ እንደሆነ እዩ። በሁለት ሰዓቶች ላይ አግኝቼዋለሁ።

ኮንታክቱን በወፍራም ብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት። አልኮል የነካው ወረቀት በመሃላቸው ሳብ ሳብ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ዘይቱ የሰዓት ዘይት ይሁን፤ በመርፌ ጫፍ ጠብታ ታህል። የሞተር ዘይት አቧራ ይሰበስብና ማሽኑን ያንቀዋል።

ሬዚስተር

ሬዚስተር የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታ ዕቃ ነው። ስለ መኪና ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ሁሉ "ቮልት በሬዚስተር አይቀነስም" ይላችኋል። ለሬዲዮ እውነት ነው። ለማሞቂያ ሞተርም እውነት ነው። የሚስቡት መጠን ከፍ ዝቅ ስለሚል ቮልቱም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ሰዓት ግን እንዳልኳችሁ ወይ ይስባል ወይ አይስብም። ሲስብ ደግሞ ሁልጊዜ ያው 3 ኦም ነው። ስለዚህ ከኮይሉ ጋር እኩል የሆነ ሬዚስተር በመንገዱ ላይ ብታስገቡ ቮልቱ ለሁለት እኩል ይከፈላል።

እኔ ለ3 ኦም ኮይል 3.3 ኦም ሬዚስተር ተጠቀምኩ፤ በቀላሉ የሚገኘው እሱ ነው። ባትሪው 12.6 ሲሆን ሰዓቱ ልክ 6 ያገኛል። ሞተር ተነስቶ 14.4 ሲደርስ ወደ 6.9። ይሄ ድሮ በ6 ቮልት ጊዜ ያገኘው ከነበረው ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። በሁለቱ ምቶች መካከል አንድም ኤሌክትሪክ አይበላም። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አይለይም። የሚበላሽ ነገርም የለውም።

ዋቱ ላይ አትቆጥቡ። በመደበኛ ሥራው ሬዚስተሩ እጅ አያቃጥልም። ኮንታክቱ ከተጣበቀ ግን 13 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። ባለ 20 ወይም 25 ዋት ይሁን፤ ብረት ላይ ታስሮ፣ ከካርቶንና ከሽቦ ርቆ።

ድክመቱ አንድ ነው፤ ትልቅም ነው። ባትሪው ሲወርድ ሰዓቱም አብሮ ይወርዳል። መኪናዋ ወር ቆማ ባትሪው 10 ቮልት ከገባ ሰዓቱ ከ5 በታች ያገኛል። ኮንታክቱ ሊጣበቅ የሚችለው ያኔ ነው። ስለዚህ ሬዚስተር ያለ ፊውዝ አይገጠም። ለኛው ሰዓት ቀስ ብሎ የሚቃጠለውን ዓይነት 1 አምፔር አስገባሁ። አጭሩን የ2 አምፔር ምት ያሳልፋል። ምቱ ካልተቋረጠ ግን ይቃጠላል። ተራ ፈጣን ፊውዝ ካስገባችሁ ያለ ምክንያት እየተቃጠለ ያሰለቻችኋል።

ዜነር ዳዮድ

ባጭሩ፣ አልወደውም። ባለ 6.2 ዜነር ሁልጊዜ 6.2 ቮልት ነው የሚቀንሰው። በ12.6 ጥሩ ነው፤ 6.4 ይሰጣል። በ14.4 ግን 8.2 ይሆናል። በ10.5 ደግሞ 4.3። ሰዓቱ በሚጎዳበት ጊዜ ሁሉ ጉዳቱን ያባብሳል። ይባስ ብሎ ዜነር ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ሾርት ሆኖ ነው፤ ያን ጊዜ ሙሉው 12 ሰዓቱ ላይ ይወርዳል።

ሬጉሌተርና ኮንቨርተር

የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄዳችሁ "ከ12 ወደ 6" ብትሉ መጀመሪያ የሚያቀብሏችሁ 7806 የምትባለዋን ባለ ሦስት እግር ሬጉሌተር ነው። ርካሽ ናት። ለሰዓት ግን ወጥመድ ናት። የተሠራችው ለ1 አምፔር አካባቢ ነው። ሰዓቱ 2 ሲጠይቃት ራሷን ለመጠበቅ ቮልቱን ታወርደዋለች። ምቱ ይደክማል። ኮንታክቱ ሳይለያይ ይቀራል። ለጥበቃ ያስገባችኋት ዕቃ ራሷ ሰዓቱን ታቃጥለዋለች።

"ትልቅ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለጊዜው የሚያጠራቅም ዕቃ) ጨምርበት" የሚሉ አሉ። አስልቼዋለሁ። 4700 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር የጎደለውን 1 አምፔር ለ20 ሚሊሰከንድ ቢሸፍን እንኳ ቮልቱ በ4 ይወርዳል። አይበቃም።

የሚሠራው ባለ 3 አምፔሩ ስዊቺንግ ኮንቨርተር ነው። በኤልኤም2596 የተሠራችው ትንሽ ቦርድ በየቦታው አለች። ላይዋ ያለችውን ብሎን በትንሽ ካቻቢቴ እያዞራችሁ 6.5 ላይ ታደርጓታላችሁ። ከመኪናው ጋር ከማሰራችሁ በፊት በቴስተር ለኩ። ስትገዟት ስንት ላይ እንደተተወች አይታወቅም።

የኮንቨርተሩ ትልቁ ጥቅም ከሬዚስተሩ ድክመት ተቃራኒ መሆኑ ነው። ባትሪው 14 ይሁን 9፣ ሰዓቱ ሁልጊዜ 6.5 ያገኛል። መኪና ስትነሳ ቮልቱ ዘጭ ቢልም ሰዓቱ አያውቀውም።

ዋጋው ደግሞ ይሄ ነው። ቦርዷ ምንም ሳትሠራ 5 ሚሊአምፔር ያህል ትበላለች። በወር 3.6 አምፔር ሰዓት ማለት ነው። ሰዓቱ ራሱ በየሁለት ደቂቃው ለ50 ሚሊሰከንድ 2 አምፔር ቢስብ እንኳ በወር 0.6 ነው። ጠባቂው ከተጠባቂው ስድስት እጥፍ ይበላል። በየቀኑ ለምትነዳ መኪና ምንም አይደለም። ሁለት ወር ለምትቆም መኪና ግን ባትሪ ታደክማለች። ሌላው ነገር፣ የድሮ ኤኤም ሬዲዮ ካላችሁ ጩኸቷ ሊገባበት ይችላል። በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አድርጋችሁ ሣጥኑን ቦዲ ላይ እሰሩት።

የራሱ ባትሪ

ለአደጋ ጊዜ መብራት የሚሆነው ባለ 6 ቮልት፣ 4.5 አምፔር ሰዓት ደረቅ ባትሪ አለ። ለሰዓቱ ብቻ ብትሰጡት በኔ ስሌት ወራት ያቆየዋል። የመኪናዋን ሽቦ ምንም አትነኩም። የሆነ ጓደኛዬ ይሄን ነው የመረጠው፤ መኪናው ብዙ ጊዜ ሽፋን ለብሳ ስለምትቆም። በየሦስት ወሩ አውጥቶ ቻርጅ ያደርገዋል። መርሳት የሌለበት ሰው ከሆናችሁ ጥሩ ነው። ከረሳችሁ ግን ባትሪው ቀስ እያለ ይደክምና ያው የተጣበቀ ኮንታክት ላይ ትመለሳላችሁ። ፊውዙ እዚህም ያስፈልጋል።

ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪ በተከታታይ አስራችሁ ከመሃል 6 መውሰድ የሚባል መንገድም አለ። አንዱ ባትሪ ከሌላው ቀድሞ ስለሚጎድል ቻርጁ ይዛባል። አላደርገውም።

ኮይሉን ማስጠቅለል

የአባቴን ሰዓት ያዳነው ይሄ ነው። የምወደውም ይሄን ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ለ12 ቮልት የዙሩ ቁጥር እጥፍ ይሁን፤ የሽቦው ውፍረት ደግሞ ወደ 0.7 ይውረድ። 0.40 ሚሊሜትር ከነበረ 0.28 ይሁን። ያን ጊዜ ኮይሉ ከ3 ወደ 12 ኦም ይሄዳል። 2 አምፔር የነበረው 1 ይሆናል። ዙሩ እጥፍ ስለሆነ የመሳብ ኃይሉ ሳይቀንስ ይቀራል። ኮንታክቱም የቀድሞውን ግማሽ ብቻ ስለሚያቋርጥ ዕድሜው ይረዝማል።

ሰፈራችን ዲናሞ የሚጠቀልሉ አንድ አዛውንት አሉ። የውኃ ፓምፕና የወፍጮ ሞተር ነው ሥራቸው። የጠቆረችውን ኮይል መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

"ጋሼ፣ ይቺን ወደ 12 ያደርጉልኛል?"

መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አገላብጠው አዩዋት። "ዙሯ ስንት ነው?"

"ተቃጥላ አልተቆጠረም።"

"ግድ የለም ልጄ። ቀጭኑን ሽቦ እስከ አፏ ሙላት። ውፍረቱን በትክክል ከቀነስክ ዙሩ ራሱ እጥፍ ይመጣል።"

እውነት ነው። ያው ቦታ በቀጭን ሽቦ ሲሞላ ዙሩ በራሱ እጥፍ ይሆናል። ከተቃጠለው ሽቦ አንድ ሣንቲሜትር ያህል ላጥ አድርገው በማይክሮሜትር ለኩ። ከዚያ በእጃቸው፣ ሽቦውን በጣታቸው መሃል ወጠር አድርገው ሲጠቀልሉ ከአንድ ሰዓት በላይ ቁጭ ብዬ አየሁ። ቤት ወስጄ ስለካት 11.6 ኦም አለች።

ማስጠቅለል ለሁሉም ሰው አይሆንም። ኮይሉ ደህና ከሆነ ጤነኛ ዕቃ ማፍረስ ነው። ወደ 6 ቮልት መመለስ ካማራችሁም እንደገና መጠቅለል ሊኖርባችሁ ነው። ለተቃጠለ ሰዓት ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ከዳሽቦርዱ ኋላ የተንጠለጠለ ሣጥን የለም። ሁሉም በነበረበት ነው።

ኳርትዝና የ12 ቮልት ሰዓት

ኳርትዝ ማሽን አስገብቶ ፊቱንና እጆቹን ማስቀረት ይቻላል። ሰዓቱ ትክክል ይሄዳል፤ የድሮው ግን በሳምንት ደቂቃዎች ይስታል። ጥርሱ ለተበላ፣ ዝገት ለጨረሰው ማሽን ምክንያታዊ ነው። በሚሠራ ማሽን ላይ ግን እንዲህ ሲደረግ ያሳዝነኛል። ያ "ጧ" አይመለስም። ካደረጋችሁትም የወጣውን ማሽን አትጣሉት። ከነብሎኖቹ በላስቲክ አስራችሁ መኪናዋ ውስጥ አስቀምጡት፤ ቀጥሎ የሚይዛት ሰው ሊፈልገው ይችላል።

ቪዲኦና ኪንዝሌ በኋላ ለ12 ቮልት መኪኖችም ሰዓት ሠርተዋል። ቮልቱ አብዛኛውን ጊዜ ፊቱ ላይ በትንሹ ወይም ጀርባው ላይ ተጽፏል። ማሽኑ ከናንተው ጋር ከገጠመ የራሳችሁን ፊት ማዛወር ትችላላችሁ። ስትገዙ ከሥዕል አትግዙ። የእጆቹ ቀዳዳና የብሎኖቹ ቦታ ይለካ።

እኔ ብሆን

ኮይሉ ደህና ሆኖ መኪናዋ አልፎ አልፎ የምትወጣ ከሆነ ሬዚስተር፣ ፊውዝና የባትሪ ማቋረጫ (መኪናዋ ስትቆም ባትሪውን የሚለይ ማብሪያ ማጥፊያ)። በየቀኑ የምትነዳ ከሆነ ባለ 3 አምፔሩ ኮንቨርተር፣ እሱም ከፊውዝ ጋር። ኮይሉ ከተቃጠለ ጥቅለላ። ማሽኑ ካለቀ ኳርትዝ።

የድሮ ፎርድ ያላችሁ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። በ6 ቮልት ዘመን ፎርድ ቦዲው ላይ የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነበር። ሲቀየር ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። ኮይልና ኮንታክት ብቻ ላለው ሰዓት ችግር የለውም። ውስጡ ዳዮድ ወይም ትራንዚስተር ካለ ግን ያቃጥለዋል። ኮንቨርተር የምትገጥሙም ሽቦውን ከማሰራችሁ በፊት የትኛው ቦዲ ላይ እንዳለ አረጋግጡ።

የሰዓቱ መብራት አምፖልም አለች። ከጀርባው ተሰክታ ትረሳለች። እሷም ወደ 12 ትቀየር።

ከመግጠማችሁ በፊት ሰዓቱን ጠረጴዛ ላይ ከመረጣችሁት ዕቃ ጋር አስራችሁ አንድ ሙሉ ቀን አሂዱት። በምቶቹ መካከል ያለውን ጊዜ ጻፉ፤ እኩል መሆን አለበት። ስትገጥሙ ሽቦውን አንዴ፣ ጥብቅ አድርጋችሁ አነካኩ። ጫር ጫር ማድረግ ደካማ ምት ይፈጥራል። ስታነካኩ ወዲያው "ጧ" ካላለ ንቀሉት። "ትንሽ ልጠብቀው" አይባልም፤ ኮይሉ እየጋለ ነው።